የነርሷ መዝገብ

በቀደም ዕለት ከመካከላችን የአንዱን የእኅት ልጅ ይዘን ሐኪም ቤት ሄደን ነበር። ወረፋው ረጅም ነው፤ አግዳሚው ላይ እናትና ሕፃኑ ተጠጋግቶ ተቀምጧል። ከፊታችን የነበሩት እናት ልጃቸውን በነጠላ ሸፍነውታል። ነርሷ ነጠላውን ገለጥ አድርጋ ሽፍታውንና የቀላውን ዓይን አየችና መዝገቧን ሳበች። «ልጄ፣ እባክሽ አትጻፊው፤ ሠፈሩ ሁሉ ይሸሸናል» አሏት። እሷ ግን ቀና ሳትል ጻፈች፤ ስሙን፣ ዕድሜውን፣ ቀበሌውን።

ወደ ግቢ ስንመለስ ክርክር ተነሣ። ግማሻችን «የሴትዮዋን አደራ በላች» አልን። በሽተኛ ገመናውን ለሐኪም የሚገልጠው እንዲታከምለት ነው፤ ቁጥር ሆኖ ወደ በላይ መሥሪያ ቤት ከተላከ ሰውነቱ የት ላይ ቀረ? ይህ እንዲህ በቀላሉ የሚታለፍ ጥያቄ አይደለም።

ይሁንና ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን አስቀድሞ ይተላለፋል፤ ከወጣም በኋላ 4 ቀን። የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላ እንኳ ቫይረሱ እስከ 2 ሰዓት ድረስ አየር ላይ ሊቆይ ይችላል። እስቲ ያንን አግዳሚ አስቡት! እዚያው አጠገብ፣ ለክትባት 9 ወር ያልሞላው ሕፃን የታቀፈች ሌላ እናት ነበረች። እሷንስ ማን ጠየቃት? እኚያ እናት ሲለምኑ እናያቸዋለን፤ ነገ የሚታመመው ልጅ ግን ገና ፊት የለውም። ርኅራኄያችን ወደሚታየው ያደላል።

ነገሩን ያወሳሰበብን የመርካ ታሪክ ነው። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. በሶማሊያ፣ መርካ ከተማ፣ አሊ ማው ማአሊን የተባለ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ ፈንጣጣ የያዛቸውን ሁለት ሕፃናት ለጫነ መኪና መንገድ ሊያሳይ ለጥቂት ደቂቃ ተሳፈረ። ሲታመም መጀመሪያ ወባ፣ ቀጥሎ ጉድፍ ተባለና ወደ ቤቱ ተላከ። እሱም ከሰው እንዳይለዩት ፈርቶ ዝም አለ። የጠቆመው አንድ ነርስ ነው፤ ለጠቋሚም የገንዘብ ሽልማት ነበረው። ከ160 የማያንሱ ከእሱ ጋር የተነካኩ ሰዎች ተፈልገው ተገኙ፤ አንድም አልታመመም። በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው የዓለም የመጨረሻ ሰው ማአሊን ሆነ።

የካንት ወዳጆቻችን መቼም ዝም አይሉም፤ «ለብር የተሠራ በጎ ሥራ በጎ ነው ወይ?» ይላሉ። ይጠይቁ። የመርካ ልጆች ግን የነርሱን ልብ ሳይመረምሩ አደጉ። የተጠቆመው ማአሊንም በኋላ ዘመኑ ፖሊዮን ለማጥፋት በየመንደሩ እየዞረ የራሱን ታሪክ ሲናገር ኖረ፤ በ2005 ዓ.ም. እስኪሞት ድረስ።

እንግዲህ ነርሷ መጻፏ ተገቢ ነበር እንላለን። የከነከነን ሌላ ነው፤ ስሙን ከወሰደች ወዲያ ዕዳ ገብታለች። ለምን እንደጻፈች፣ ጽሑፉ የት እንደሚሄድ፣ ጎረቤት እንደማያየው መንገር ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ወረፋው ረጅም ነው፣ እሱስ እውነት ነው።

መውጫው በር ላይ እኚያ እናት ጠብቀውን ነበር። «ልጆቼ፣ እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል፤ ምን ብላ ነው የጻፈችብኝ?» አሉን።

አላየነውም ነበር።