ክፍያ ያለው አገልግሎት አገልግሎት ነውን?

እ.ኤ.አ. በ1974 በእስራኤል፣ በረሆቮት ከተማ፣ በቫይዝማን የሳይንስ ተቋም ውስጥ ፔራሕ የተባለ መርሐ ግብር ተመሠረተ። ቃሉ በዕብራይስጥ አበባ ማለት ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ የዩኒቨርሲቲ ወይም የኮሌጅ ተማሪ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ በየጊዜውም ለሁለት ሰዓት ያህል፣ ከአንድ ልጅ ጋር ይገናኛል፤ የቤት ሥራ ያሠራዋል፣ አብሮት ይጫወታል፣ ወሬውን ያደምጠዋል። በምላሹም ከትምህርት ክፍያው ከፊሉ ሚልጋ በሚባል የትምህርት ድጎማ ይሸፈንለታል። ከረሆቮት የተነሣው ይህ አሠራር በመላ እስራኤል ተስፋፍቷል፤ በሌሎች አገሮችም አርአያ ሆኗል። ዛሬ ፌሎሺፕ እየተባሉ የሚጠሩት የወጣት መሪዎች ሥልጠናዎችም መሠረታቸው ይኸው ነው፦ ድጎማ ይሰጣል፣ አገልግሎት ይጠየቃል።

ከዚህ አንድ የቆየ የሥነ ምግባር ጥያቄ ይነሣል። ለሚልጋ ሲል ያገለገለ ወጣት በእርግጥ አገልግሏልን? የአይሁድ ሊቃውንት መጽሐፍ የሆነው ተልሙድ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሣው ስለ ትምህርት ነው። ኦሪት መጠናት ያለባት ለራሷ ሲባል ቢሆንም፣ ሰው ለሌላ ጥቅም ብሎም ቢሆን ከመማር እንዳይቦዝን ይመክራል፤ ለጥቅም የጀመረ ሰው ውሎ አድሮ ለነገሩ ፍቅር ይማራልና። ራምባም የተባለው የአይሁድ ሊቅ ሙሴ ማይሞኒደስም ሺህ ወርቅ ለአንድ ሰው በአንዴ ከመስጠት ይልቅ አንድ አንዱን ሺህ ጊዜ መስጠት እንደሚበልጥ ያስተምራል። ልግስና ባሕርይ የሚሆነው በመደጋገም ነው። በዚህ ዓይን ሲታይ የፔራሕ ጉልበት ያለው በክፍያው ሳይሆን በምልልሱ ነው። የፈተና ሰሞን ቢሆንም፣ ዝናብ ቢዘንብም፣ ልጁ በቀጠሮው ሰዓት ይጠብቃል። ያንን ጥበቃ ዓመቱን ሙሉ ያከበረ ተማሪ ሲጨርስ ሲጀምር የነበረው ሰው አይሆንም።

አይሁድ የሆኑት ቤተ እስራኤል በኢትዮጵያ ሳሉ የሚመሩት በኦሪት እንጂ በተልሙድ አልነበረም። የጎንደር ገበሬ ግን ለዚህ ጥያቄ የራሱ መልስ ነበረው፤ መልሱም ወንፈል ነው። ዛሬ የጎረቤቱን ማሳ ያረመ ሰው ነገ በራሱ ማሳ ላይ ያው ጉልበት ይመለስለታል። ደቦ የጠራም እንጀራና ጠላ ያቀርባል። ወንፈል የገባን ሰው ማንም ጥቅመኛ አይለውም፤ ነውሩ ተቀብሎ ተራን አለመመለስ ነው። ተልሙድ የሚመረምረው ልብን ነው፣ ወንፈል ግን ተራን። ለፌሎሺፕ የሚቀርበው ሚዛን ይህ ሁለተኛው ይመስላል፤ የወጣቱን ልብ ማየት የሚችል ድጎማ ሰጪ የለምና።

በተራ ሲለካ ግን የነዚህ መርሐ ግብሮች ድክመትም ይወጣል። ለምሳሌ ቂርያት ሞሼ በረሆቮት ብዙ ቤተ እስራኤል የሚኖሩበት ሰፈር ነው። እዚያ ረዳቱ ሁልጊዜ ከውጭ፣ ተረጂው ሁልጊዜ ከሰፈሩ ከሆነ ወንፈሉ ይፈርሳል። እንዲህ ባለ ሰፈር የሚያድግ ልጅ ደግሞ ባዶ እጁን አይደለም። ዕብራይስጥ ያልቀናቸውን ወላጆቹን ይዞ ወደ ኩፓት ሆሊም (የጤና መድን ክሊኒክ) ይሄዳል፤ ከቢቱአሕ ለኡሚ (ከብሔራዊ መድን) የመጣውን ደብዳቤ አንብቦ ያስረዳል፤ ሐኪሙ ያለውን ለአያቱ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ያቀርባል። ሸክሙ አንዳንዴ ከዕድሜው በላይ ነው። ቢሆንም የዜግነት የመጀመሪያ ትምህርት ቤቱ እዚያ ነው፤ አመራር ብሎ የጠራለት ስለሌለ ብቻ ሳይቆጠር ይቀራል። ራምባም ከምጽዋት ስምንት ደረጃዎች የላይኛውን የሰጠው የደከመውን ሰው አጋር አድርጎ በእግሩ ለሚያቆም ነው። በዚያ ደረጃ የሚገኘው መርሐ ግብር የትናንቱን ተረጂ ልጅ የዛሬ ረዳት የሚያደርግና በስብሰባ በዕብራይስጥ የተናገረውን ለቄሱና ለሽማግሌው በአማርኛ እንዲያስረዳ የሚጠብቅበት ነው።

አገልግሎት የለመደ ወጣት በተሰጠው ሥራ ብቻ ተወስኖ አይቀርም። በኢትዮጵያ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የተባለውን ደንብ አውጥቶ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ሲልክ፣ ዓላማው መምህርና ባለሙያ ለጎደለበት መድረስ ነበር። ተማሪዎቹ ግን የባላገሩን ኑሮ አይተው ተመለሱ፤ ያዩትም የተማሪውን ንቅናቄ አጠነከረ። በእስራኤልም እ.ኤ.አ. በጥር 1996 ቤተ እስራኤል የለገሱት ደም በስውር ሲጣል እንደኖረ በተሰማ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች በኢየሩሳሌም ሰልፍ ወጡ። እ.ኤ.አ. በ2015 ደግሞ ፖሊስ አንድ ቤተ እስራኤል ወታደር ሲደበድብ የሚያሳይ ቪዲዮ ሲወጣ አደባባዩን የሞሉት በአብዛኛው ወጣቶች ነበሩ። ወጣቶችን ለአገልግሎት የሚያሠለጥን መንግሥትም ሆነ ማኅበር ይህን ተሳትፎ እንደ አመፅ ሊቆጥረው አይገባም፤ ጎረቤትን መርዳትና ፍትሕን መጠየቅ የአንድ ዜግነት ሥራ ናቸው። ጥያቄው ፍሬም አለው፤ ከ2015ቱ ሰልፎች በኋላ በቤተ እስራኤል ላይ የሚደርሰውን ዘረኝነት የሚመረምር የመንግሥት ኮሚቴ ተቋቋመ፤ በ2016 ሪፖርቱን አቀረበ፤ በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥም ዘረኝነትን የሚከላከል ክፍል ተከፈተ።