«ዘርራህ» ኤሌክትሮን ነውን?

ጎንደር አዲስ ዓለም ውስጥ አንድ ሸማኔ ወዳጄ ቤት ተቀምጠን ሳለ ተማሪ ልጁ ጥያቄ አቀረበልኝ። ሱረቱ ዩኑስ 61ኛው አንቀጽ ከዘርራህ ያነሰ ነገር እንኳ ከአላህ እንደማይሰወር ይናገራል። ዘርራህ አቶም ከሆነ ከእሱ የሚያንሰው ኤሌክትሮን አይደለምን?

ደስታውን መንፈግ ቢከብደኝም አይመስለኝም አልኩት። የቀድሞ ሙፈሲሮች ዘርራህን ትንሽ ጉንዳን፣ ወይም በጸሐይ ጨረር ውስጥ የሚታይ ብናኝ ብለው አስረድተዋል፤ ከአባቱ ጥጥ እንደሚነሳው ያለ። ዐረብኛ ቃሉን ለአቶም የሰጠው ኋላ ነው። ቶምሰን ኔጋቲቭ ቻርጅ ያለውን ኤሌክትሮን ያገኘው በ1897 እ.ኤ.አ. ሲሆን ኤሌክትሮንን ከአንቀጹ ያወጡት ሰዎችም የመጡት ከዚያ ወዲህ ነው። አባትየው ግን አንቀጹን የሚረዳው ስለ ሥራው እንደተነገረ ነው፤ ድር ቢያጎድል የሚያየው አለ።

አቶሙ ራሱ መች ከመድነቅ ጎደለ! ፕሮቶን በክብደት የኤሌክትሮንን 1836 እጥፍ ያህላል፤ ቻርጃቸው ግን አንዱ ፖዘቲቭ፣ ሌላው ኔጋቲቭ ሆኖ በመጠን እኩል ነው። ለምን? ፊዚክስ ገና አልፈታውም። (ይህንንም ነገ በአንቀጽ የሚሞላው አይጠፋም።)

የምሰጋው ለልጁ ነው። አቶም አይከፈልም የተባለበት ዘመን ነበር። ያኔ ለዚያ አባባል ከቁርኣን ማስረጃ ሰጥተን ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ይህ ልጅ የሚጠራጠረው እኛን ብቻ ይሆን ነበር?