ፊተኛውና ኋለኛው

አንድ የሸማ ተራ ነጋዴ ሲያርፉ ለሁለት ወንዶች ልጆቻቸው አንድ ሱቅና አንዲት አሮጌ የእንግሊዝ መኪና ተዉላቸው። ሱቁን መካፈል አላስቸገረም፤ አንዱ ነጠላውን፣ ሌላው ጋቢውን ይዞ ተቀመጠ። መኪናዋ ግን ኤምጂ ቢ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1962 ለገበያ ከወጣው፣ ጣሪያው ከሚታጠፈው ዓይነት። እንዴት ትከፈላለች?

እነሱ ግን ከፈሏት። የዚህች መኪና ሞተር 1.8 ሊትር ሆኖ ቤንዚንና አየር የሚያዋህዱለት ሁለት ኤስዩ ካርቡራተሮች ጎን ለጎን አሉ፤ ፊተኛው በዋናነት ሁለቱን የፊት ሲሊንደሮች፣ ኋለኛው ሁለቱን የኋላ ይመግባል። ታላቅየው ፊተኛውን፣ ታናሽየው ኋለኛውን “የኔ” ማለት ጀመሩ። ማን እንዳስጀመራቸው እንጃ።

ሁለቱም የየራሳቸው ካርቡራተር የተራበ፣ የወንድሙ ግን የጠገበ ይመስላቸው ነበር። ስለዚህ ታላቅየው ማታ ሱቅ ዘግቶ፣ በእጅ ባትሪ እያየ፣ ከፊተኛው ሥር ያለችውን ባለስድስት ጎን ዳዶ አንድ ጎን ወደ ታች ያላላታል፤ ዳዶዋ ስትወርድ ቤንዚን ይጨምራል። ታናሽየው ደግሞ ሲነጋ ማልዶ ይመጣና የኋለኛውን ሁለት ጎን ያወርዳል። ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በፆም ቀን እንኳ አብረው ነው የሚያፈጥሩት።

መኪናዋ ጥቁር ጭስ ታወጣ ጀመር። በራጉኤል በኩል ስታልፍ መንገደኛው አፍንጫውን ይይዛል፤ ካንዴላዎቿ እንደ ምጣድ ቂጥ ጠቆሩ። ያኔ ወንድማማቾቹ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ፦ ካርቡራተሩ አንሷታል! ሶማሌ ተራ ወርደው፣ ተከራክረው፣ ባለ ሁለት አፍ የጣልያን ዌበር ገዙ። ዌበር መናኛ ዕቃ አይደለም፤ ለውድድር መኪና የሚመረጥ ነው። ግን ማን ምን እንደቸገራት ጠየቃት?

ዌበሩን ተሸክመው የሄዱባቸው ሽማግሌ መካኒክ አገላብጠው አዩትና አግዳሚው ላይ አስቀመጡት።

“አዲስ አበባ ከባሕር በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ናት። እዚህ ያለው አየር አሰብ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሳይጨምር አፏን ብታሰፉላት ምን ልትጎርስ ነው?”

ችግሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ሥር የኖሩት መካኒክ ጆሯቸው ደንዝዟል። ስለዚህ አየር ማጣሪያዎቹን ፈቱና ሁለት ቀጫጭን የጎማ ቱቦ አመጡ። ሞተሩን በሚኒሞ አስነስተው የየቱቦውን አንዱን ጫፍ በየካርቡራተሩ አፍ፣ ሌላውን በየወንድሙ ጆሮ ላይ አስደገፉ።

“አየሩ ሲገባ ያፏጫል። የማንኛው ይበልጣል?”

“የኔ ቀጭን ነው ጋሼ፤ ይክፈቱለት” አለ ታላቅየው።

“የኔማ ጭራሽ አይሰማም!” አለ ታናሽየው።

ሽማግሌው ትንሽ አሰቡ። “በሉ፣ ቦታ ተለዋወጡ።”

ታላቅየው የኋለኛውን ቱቦ ጆሮው ላይ አድርጎ ቆየ። ቱቦውን አራገፈና ደግሞ አዳመጠ። “ይሄ… ከኔም ያነሰ ነው” አለ። ታናሽየው አንገቱን ወዝውዞ፣ “የወንድሜ በትንሹ ይበልጣል፤ ግን ያን ያህልም አይደለም” አለ። መካኒኩ የአየር መዝጊያዎቹን ፉጨቱ እኩል እስኪሆን አስተካከሉ።

ከዚያ በፊተኛው ኤስዩ ሥር ያለችውን ፒን ነክተው ውስጡ የሚወጣ የሚወርደውን ፒስተን በሚሊሜትር ያህል አነሡት። ድብልቁ ልክ ሲሆን ሞተሩ ለቅጽበት ፈጠን ብሎ ወዲያው ይረጋል፤ ቤንዚን ሲያንሰው ሊጠፋ ይዳዳዋል። ይሄ ግን ፈጥኖ በዚያው ቀረ፤ ቤንዚን በዝቶበታል። ኋለኛውም እንደዚያው።

“እዚህ ዳዶ ላይ ማነው የሚያድረው?”

ሁለቱም መሬት መሬት አዩ።

መካኒኩ ቁልፉን ለታናሽየው ሰጡና የፊተኛውን አንድ ጎን ወደ ላይ አስጠበቁት። ቀጥሎ ታላቅየው የኋለኛውን። ደግሞ ያኛው፣ ደግሞ ይሄኛው፤ በየመሐሉ ፒኗን እያነሡ። ጥቂት ነድተዋት ሲመለሱ ጭሱ ጠፍቷል፤ በአዲስ የተተኩት ካንዴላዎችም ሲፈቱ ቡናማ ሆነው ወጡ። ዌበሩ እዚያው አግዳሚው ላይ ነው። ሻጩ “የተሸጠ ዕቃ አይመለስም” የሚል ጽሑፍ ከራሱ በላይ ለጥፏል።

ሽማግሌው በመጨረሻ ሁለቱን ዳዶዎች በነጭ ቀለም ነካ ነካ አደረጓቸው።

“ቀለሙ ተሰንጥቆ ባገኘው አውቃለሁ” አሉ።

“ለሱ ይንገሩት!” አሉ ሁለቱም፣ ባንድ አፍ።