የሕፃን እርም

ዘጠኝ ዓመት በደጃችን የኖረው ውሻችን ቡቺ በጥቅምት ወር፣ ብርዱ በጠናበት ሌሊት አርጅቶ በሞተ ጊዜ፣ ከእርሱ ጋራ ድክ ድክ እያለች ያደገችው የስድስት ዓመት ልጄ ሳትነቃ ሬሳው በጆንያ ተጠቅልሎ ወደ ገደል እንዲጣል፣ ለእርሷም «ጠፋ» እንድንላት አዝዤ ሳለሁ፣ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ከበሩ ቆመችና፣ «ለሰው መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ ይነገራል፤ ለዚች ግን ሐሰት ነው የምትነግራት? እርሟን ሳታወጣ ልትቀር ነው?» ብላ ከለከለችኝ።

አሳቤ ክፋት አልነበረበትም፤ ሕፃን ሐዘንን አይችልም ብዬ ነው። ነገር ግን «ጠፋ» የተባለ ውሻ በየማታው በበር የሚጠበቅ ውሻ ነው፤ «ተኛ» ቢሏትም ልጅቱ ራሷ እንቅልፍን ትፈራለች፤ «ሌላ እገዛልሻለሁ» ማለት ደግሞ የተወደደ ሁሉ ከገበያ እንደሚተካ ማስተማር ነውና ከሁሉ ይልቅ ይህን እጠላዋለሁ።

ነገሩ የከበደኝ ግን ሰምታ ካለቀሰች በኋላ፣ «አባዬ፣ ቡቺ ገነት ይገባል?» ብላ በጠየቀችኝ ጊዜ ነው። ሊቃውንተ ቤተ ክርስቲያን የሰውን ነፍስ ለባዊት፣ ነባቢትና ሕያዊት ብለው ሲለዩአት፣ የእንስሳን ነፍስ ግን ደማዊት፣ ከሥጋው ጋራ የምታልፍ ናት ብለው ያስተምራሉና፣ አዎን ብላት ያላመንሁትን መናገር፣ አይገባም ብዬ ብዘጋባትም ከቅዱሳት መጻሕፍት ይልቅ መጨከን ሆነብኝ። ነቢዩ ናታን በዳዊት ፊት ስለ ድሀው በግ ሲናገር፣ ያችን ከማዕዱ የምትቀምስና በብብቱ የምትተኛ በግ እንደ ልጅ መውደዱን አልነቀፈበትም፤ የጦቢት ልጅ ጦብያ ከመልአኩ ከሩፋኤል ጋራ መንገድ በጀመረ ጊዜም ውሻው መከተሉን ጸሐፊው ሳይጽፍ አላለፈም፤ በትንቢተ ዮናስ ፍጻሜም እግዚአብሔር ለነነዌ የራራበትን ምክንያት ሲገልጽ ከ120,000 ከሚበልጡት ሰዎች ጋራ እንስሶቿን ቈጥሯል። ስለዚህ ልጄን፣ «ገነት የሰው ተስፋ ናት፤ እግዚአብሔር ግን የፈጠረውን አይረሳምና ቡቺንም አይረሳውም» አልኋት፤ ከዚህ በላይ የምለው አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም።

በማግስቱ ከወይራው ሥር ጕድጓድ ቈፍረን ቀበርነው፤ ልጅቱም አፈሩን በእጇ መለሰች። እናቴ «ዝም በይ» አላለቻትም፤ አጠገቧ ተቀምጣ ልቅሶዋን እስክትጨርስ ጠበቀቻት። የቡቺን የመብል ጣባ ልጄ እስከ ፋሲካ ማንም እንዲያነሣው አልፈቀደችም፤ ከዚያ በኋላ ግን ራሷ አጥባ ለጫጩቶች ውሃ አቀረበችበት።