ዕዳ መቼ ነው የሚከፈለው?

«ብድር በምድር» ይላል ያገሬ ሰው። በምን ሚዛን ተለክቶ እንደሚመለስ ግን አልነገረንም።

በ2015 ዓ.ም. እኅቴ ቤይሩት በሰው ቤት ሠርታ ያጠራቀመችውን 1,000 ዶላር አበደረችኝ፤ 54 ሺህ ብር ገደማ ሆኖ ደረሰኝ። የጣሪያ ቆርቆሮ ገዛሁበት። ልጅ ተወለደ፣ አባቴ ታመመ፤ መክፈያው ተራዘመ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ።

ዕቁብ ሲደርሰኝ 54 ሺውን በስሟ ባንክ አስገባሁ። «ተመስገን፣ ከዕዳ ወጣህ» አለችኝ በስልክ። በእርግጥ ወጣሁ? ብሩን ያረከስኩት እኔ አይደለሁም፤ እሷም አይደለችም። ጣሪያዬ ግን ከብሩ ጋር አልረከሰም። ጥቅሙ ከእኔ ዘንድ ቀርቶ ሳለ ጉዳቱን ለእሷ ብቻ መተው ፍርድ አይሆንም።

ሁለተኛ ዕቁብ ገብቻለሁ።