ያልተሠራው መንገድ

በሲሲሊ ደሴት ወደሚገኙት የዚንጋሮ ጥብቅ ስፍራ ጠጠራማ ዳርቻዎች መኪና አይገባም። በ1980 እ.ኤ.አ. ሺዎች ሰልፍ ወጥተው ሊሠራ የነበረውን የመኪና መንገድ ተቃወሙ፤ በዓመቱ ቦታው በሕግ ተጠበቀ። በደቡቡ መግቢያ ለመንገዱ የተቦረቦረው ዋሻ ዛሬም አለ፤ እግረኛ ያልፍበታል። “ታዲያ ጉልበት የከዳቸው አዛውንት ይህን ውበት ለምን ይከለከላሉ?” የሚል ይኖራል። ቅሬታው እውነት አለው፤ አልሸፋፍነውም። ነገር ግን መንገዱ ቢሠራ ኖሮ አዛውንቱ የሚደርሱት ወደ መኪና ማቆሚያ እንጂ ወደዚያ ጸጥታ አልነበረም። ፍጥረት አደራ ከሆነ፣ ባለአደራ ለሁሉም ላዳርስ ብሎ ዕቃውን አይሰባብርም። አደራው እስከ ዳርቻው ጠጠር ድረስ ይዘልቃል። ማዕበል እርስ በርስ እያፋተገ ያለሰለሰውን፣ እንቁላል የሚመስለውን ነጭ ጠጠር አንድ ሰው ኪሱ ቢከት ምን ይጎድላል? የእሱ ኪስ ብቻ ቢሆንማ ምንም! ከሄዱ ጠጠሩን አገላብጠው ይዩት፤ ከዚያ እዚያው ይተዉት።