ፈታኙ ሲወጣ

እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1998 ማርክ ማግዋየርና ሳሚ ሶሳ የሚባሉ ሁለት የቤዝቦል ተጫዋቾች አሜሪካን ጉድ አሰኙ። ኳሷን በዱላ መትቶ አጥር ማሻገር «ሆም ራን» ይባላል። ሮጀር ማሪስ በ1961 የመታው 61 ሆም ራን 37 ዓመት ሳይደፈር ኖሮ፣ በዚያ ዓመት ማግዋየር 70፣ ሶሳ 66 መቱ። በ1994 በሥራ ማቆም አድማ የተነሣ የፍጻሜው ውድድር ተሰርዞ ተመልካቹ ተቀይሞ ስለ ነበር፣ ለባለ ክለቦቹ ይህ ከሰማይ የወረደ መና ሆነላቸው።

ማግዋየር በ2010 ስቴሮይድ ይወስድ እንደ ነበር በራሱ አንደበት ተናዘዘ። ታዲያ አታሏል ወይ?

ይህን ጥያቄ ዶርም ውስጥ ባነሣው አንዱ ጓደኛዬ ሳቀብኝ። «መች ተመረመረና! ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» አለኝ። እውነት አለው። የጨዋታው አስተዳደር በ1991 ስቴሮይድ ክልክል ነው የሚል ደብዳቤ በትኖ ነበር፤ መርማሪ ግን አልነበረም። ስም ሳይጠራ ምርመራ የተደረገው በ2003 ሲሆን፣ ከመቶ ከ5 በላይ ተገኘባቸው። ማገድ የተጀመረው ደግሞ በ2005 ነው፤ ያውም ለመጀመሪያው ጥፋት 10 ቀን! ዛሬ ቅጣቱ 80 ጨዋታ፣ ቀጥሎ 162፣ በሦስተኛው የዕድሜ ልክ ነው።

እኔ ግን እንዲህ ስል ጠየቅሁት፦ ፈታኙ ከክፍል ቢወጣ ኩረጃ ኩረጃነቱ ይቀራል?

«ገላው የራሱ ነው፤ ማንን ጎዳ?» አለኝ ደግሞ። ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። በዚያን ጊዜ 30 ክለቦች 25፣ 25 ተጫዋች ይይዙ ነበር፤ 750 ቦታ መሆኑ ነው። አንዱ በመርፌ ጡንቻውን አሳብጦ ቦታውን ሲይዝ፣ አንድ ሌላ ሰው በታችኛው ሊግ አውቶቡስ ላይ ሲንገላታ ይቀራል። ያ ሰው ወይ መርፌውን ይወጋል፣ ወይ ወደ ቤቱ ይሄዳል። «አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ማለት ይኸው ነው። እንግዲህ ማታለል ማለት ደንብ መጣስ ብቻ አይደለም፤ ሐቀኛውን ሰው በጤናውና በእንጀራው መካከል አስገድዶ ማስመረጥ ነው። የዚያን ሰው ስም ማንም አያውቀውም፤ ክሱን የሚያቀርብለትም የለም።

ፈታኙስ? ባሪ ቦንድስ በዘመኑ ሁሉ 762 ሆም ራን መትቶ ከሁሉ የበለጠ ነው፤ ዐውቄ አልወሰድሁም ቢልም፣ በጥርጣሬው ምክንያት በ2022 ከመራጮች 66 በመቶ ብቻ አግኝቶ፣ 75 ስለሚያስፈልግ ከዝነኞች አዳራሽ በር ላይ ተመለሰ። ከ1992 ጀምሮ ጨዋታውን ይመራ የነበረው በድ ሲሊግ ግን በ2017 በክብር ገብቷል። ተጫዋቹን ከደጅ አቁሞ አለቃውን ማስገባት ምን ይሉት ፍርድ ነው? ቢሆንም፣ የአለቃው ጥፋት ተጫዋቹን ንጹሕ አያደርገውም። ሁለት ዕዳ ነው ያለው፤ አንዱ ሌላውን አይከፍልም።

አንባቢዬ ሆይ፣ በሩቅ አገር ሰው መፍረድ ቀላል ነው። እኔም አንደኛ ዓመት ሳለሁ ፈታኙ ሲወጣ አንገቴን አስግጌአለሁ። ግሬዱ በከርቭ ነበር። ሁሉም ያደርገዋል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ሁሉም ግን አላደረገውም፤ ከፊቴ የተቀመጠው ልጅ ቀና ሳይል ጻፈ። የእኔ ውጤት ከፍ ሲል የማን ዝቅ እንዳለ ያን ጊዜ አልጠየቅሁም። ጓደኛዬ «መች ተያዝህና!» ይለኝ ይሆናል። አዎ፣ አልተያዝሁም። ልጁ ግን ከፊቴ ነበር።